ሸይኽ በክሪ ሰጰሎ፦ ከደረሳ ቤት የወጣው ፊደል



በኒውአርክ፣ በፍሪሞንትና በሃይዋርድ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ስለ ልጆች መድረሳ በተሰበሰብን ቁጥር አንድ ክርክር ሳይነሳ አይቀርም። ልጆቹ ቁርኣን የሚቀሩት በድሮው መንገድ፣ አንድ በአንድ ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብለው ነው ወይስ በክፍል ተከፋፍለው? ትርጉሙ የሚነገራቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ በአማርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ? ታብሌት ይግባ ወይስ አይግባ? ለአንዱ አባት አዲስ ነገር ሁሉ ቢድዓ ይመስለዋል። ለሌላው የድሮ ነገር ሁሉ ኋላ ቀር ነው። እናንተ ወጣቶቹ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን ታያላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ክርክሩ ስለ እናንተ ሆኖ ሳለ እናንተን የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የሐረርጌ ዓሊም ነው። ይህ ክርክር ካሊፎርኒያ ከመድረሱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት እሳቸው በራሳቸው ደረሳዎች መሀል ቆርጠው ወስነውታል፤ ዋጋውንም ከፍለዋል። ስማቸው ሸይኽ በክሪ ሰጰሎ ነው፣ አላህ ይዘንላቸው። ከሐረርጌ የመጡ ወላጆች ያሏችሁ ስማቸውን ቤት ውስጥ ሰምታችሁ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ግን የሰማችሁ አይመስለኝም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱት በኅዳር ወር 1895 ነው። የወጣላቸው ስም አቡበከር ሲሆን በክሪ የሚባለው ከዚያው የተቆረጠ የቁልምጫ ስም ነው። ሰጰሎ ደግሞ የሰው ስም አይደለም፤ ባደጉበት አካባቢ የሚፈስ ወንዝ ነው። አባታቸው ገራድ ዑስማን ኦዳ ይባላሉ። ገራድ ማለት ምኒልክ በ1887 ሐረርን ከያዙ በኋላም ሥራ ላይ የቆየ የአካባቢ ሹመት ነው፤ መሬትና ሕዝብ ያስተዳድራል፣ ግብር ይሰበስባል። ስለዚህ ልጁ ቢፈልጉ ኖሮ የገራድ ልጅ ሆነው፣ በአባታቸው መሬት ላይ ተደላድለው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ደረሳ ሆኑ።

ደረሳ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር አንድ ልጅ ቁርኣኑን ሰፈሩ ውስጥ ካኸተመ በኋላ ዒልም ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል። ጥሩ ነሕው ያውቃል ወደተባለ ሸይኽ ይሄዳል፣ እዚያ ዓመታት ይቀመጣል። ቀጥሎ በፊቅህ ስመ ጥር ወደሆነ ሌላ ሸይኽ ይሻገራል፣ ከዚያም ተፍሲር ወደሚያስቀራ። የሚያድረው ሸይኹ ግቢ ወይም መስጊዱ አጠገብ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ከሌሎች ደረሳዎች ጋር ነው። የወር ክፍያ የለም። የሚበላው የአካባቢው ገበሬ የሚያወጣውን ነው፤ እሱም በበኩሉ ለሸይኹ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ በአዝመራ ወቅት እርሻ ያግዛል። ትምህርቱ ሲጀመር ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸይኹ ፊት ይቀመጣል፤ ዐረብኛውን አንድ መስመር ያነባል፣ ሸይኹ ደግሞ ያንን መስመር በአካባቢው ቋንቋ ይፈታለታል። ወሎ ከሆነ በአማርኛ፣ ሐረር ከተማ ውስጥ ከሆነ በሐረሪ፣ ገጠሩ ሐረርጌ ከሆነ በኦሮምኛ። ክፍል የሚባል ነገር የለም። አንዱ ኪታቡን በሁለት ዓመት ይጨርሳል፣ ሌላው በአምስት፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ወጣቱ በክሪም በዚህ መንገድ አለፉ። ከመምህሮቻቸው ሁሉ ጎልተው የሚጠቀሱት የበልበሌቲው ሸይኽ ዑመር ዓልዬ ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ቀርተዋል። ከዚያም እንደ ልማዱ በሐረርጌ ውስጥ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ ተዘዋወሩ። ሲበቃቸው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው ማስቀራት ጀመሩ፤ በኋላም በተለያዩ የሐረርጌ ቦታዎች እየተዘዋወሩ መድረሳ ከፈቱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። በእንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ይግባ አይግባ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ቦርድ የለም፣ የትምህርት ሚኒስቴር መርሐ ግብር የለም፣ ዕውቅና ሰጪ አካል የለም። እዚህ ጎረቤታችን ሃይዋርድ ውስጥ በ1996 ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው ዘይቱና በርክሌይ ሄዶ ኮሌጅ ከሆነ በኋላ በ2015 ዕውቅና እስኪያገኝ ድረስ ያለፈበትን የወረቀት ሥራ አስቡት። የሐረርጌ ሸይኽ ይህ ሁሉ አያሻውም። ጠዋት ተነሥቶ ከዛሬ ጀምሮ ይህን እናስቀራለን ካለ አለቀ።

ነገር ግን ሥልጣኑ የሚመስለውን ያህል ልቅ አልነበረም። ደረሳው ደስ ካላለው ኪታቡን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ሸይኽ ይሄዳል፤ የሚያግደው ምዝገባ የለም። ገበሬው ልቡ ከሸፈተ እህሉን ያስቀራል፤ እህል የሌለው መድረሳ አንድ ክረምት አይዘልቅም። የአካባቢው ዑለማ ደግሞ ሰውየው ከመንገድ ወጥቷል ብለው ካወሩ ወሬው ገበያ ለገበያ ይዞራል። እኔ እንደሚገባኝ ይህ ሦስት ጎን ያለው ቁጥጥር ከብዙ የዛሬ ቦርዶች የጠበቀ ነው። ስለዚህ አንድ ሸይኽ አዲስ ነገር ሲያስገባ አዲሱ ነገር ከዲኑ ውስጥ መውጣቱን ለሁሉም ማሳየት ነበረበት። ሸይኽ በክሪ ከዲን ትምህርቱ ጎን ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሒሳብና የከዋክብት ትምህርት ሲያስተምሩ የሰመረላቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ሒሳብን እንውሰድ። ፊቅህ የቀራ ሰው የውርስ ሕግን፣ ፈራኢድን፣ ያለ ክፍልፋይ ሊሠራው አይችልም። አንድ ሰው ሚስት፣ አባት፣ እናትና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ እንበል። የሚስት ድርሻ 1/8 ነው፣ የአባት 1/6፣ የእናት 1/6፣ የልጆቹ 2/3። ሁሉን ወደ 24 ስታመጡት 3፣ 4፣ 4 እና 16 ይሆናል። ደምሩት፦ 27። ከሃያ አራት ላይ ሃያ ሰባት! ዑለማው ይህን ሲፈቱት ክፍሉን ራሱን ወደ 27 ከፍ አድርገው የሁሉንም ድርሻ በተመጣጣኝ ይቀንሳሉ፤ ዐውል ይባላል። የዚህን ምክንያት የተረዳ ደረሳ ሒሳብ የፈረንጅ ነገር ነው ብሎ አይከራከርም፤ ሳያውቀው ሲሠራበት ኖሯልና።

የከዋክብት ትምህርትና ጂኦግራፊም እንዲሁ ናቸው። ከሐረር ተነሥቶ መካን የሚያስብ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። እኛ ኒውአርክ ላይ የምንቆመው ግን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 19 ዲግሪ ገደማ ዞረን ነው። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያይ ሰው መካ ከኛ ደቡብ ምሥራቅ ትመስለዋለች፤ በዚህ የተነሣ አሜሪካ ውስጥ ስንት መስጊድ ተጨቃጭቋል። መልሱን የምታገኙት ምድር ድቡልቡል መሆኗን ስትቀበሉ ብቻ ነው። የሰላት ወቅት፣ የጨረቃ መውጣት፣ ቂብላ፣ ሁሉም ሰማይና ምድርን ማወቅ ይጠይቃሉ። የድሮዎቹ የሙስሊም ዑለማ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ታዲያ ሸይኽ በክሪ አዲስ ነገር ያስገቡ ቢመስልም በአንድ በኩል የጠፋ ዕቃ ወደ ቤቱ መመለሳቸው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳሰባቸው ግን የቋንቋ ጉዳይ ነው። ቅድም እንዳልኩት ሸይኹ ኪታቡን የሚፈታው በአካባቢው ቋንቋ ነው። ፍቺው ግን አየር ላይ ይቀራል። ኪታቡ በዐረብኛ ተጽፏል፣ ማብራሪያው በቃል ብቻ ይነገራል፤ ሸይኹ ሲሞት ማብራሪያውም አብሮ ይቀበራል። ሸይኽ በክሪ ደግሞ ገጣሚ ነበሩ፤ በኦሮምኛ የሚገጥሟቸው ግጥሞች በሐረርጌ ሕዝብ ዘንድ በሰፊው ይታወቁ ነበር። ግጥም የሚወድ ሰው ቃሉ እንደተነገረ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። በምን ፊደል ይጻፍ?

የመጀመሪያው አማራጭ የዐረብኛው ፊደል ነው፣ ዐጀሚ የሚባለው። የወሎ መሻይኾች የአማርኛ መንዙማቸውን፣ ሐረሪዎች ቋንቋቸውን በዚህ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ሸይኽ በክሪም ተጠቅመውበታል። ችግሩ ኦሮምኛ 10 አናባቢ ድምፆች አሉት፤ አምስት አጭር፣ አምስት ረጅም። ዐረብኛ ያለው ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ከነማራዘሚያቸው ነው። ኢ እና ኤ፣ ኡ እና ኦ ይደባለቃሉ። ጨ፣ ጰ፣ ኘ እና ኦሮምኛ ዸ ብሎ የሚያውቀው ድምፅ ደግሞ በዐረብኛ ፊደል ውስጥ ጭራሽ የሉም።

ሁለተኛው አማራጭ አሁን የምታነቡት ፊደል ነው። አናሲሞስ ነሲብ በ1899 ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ ነው። ይህም ይጎድለዋል። አማርኛ አለ ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለት ይሁን ወይስ ይገኛል ማለት ፊደሉ አይነግረንም፤ ማጥበቅና ማላላቱን አንባቢው ከዐውዱ ይገምታል። ኦሮምኛ ላይ ይህ ችግር ሁለት እጥፍ ነው፤ ከማጥበቁ በተጨማሪ የአናባቢው መርዘምና ማጠርም ትርጉም ይለውጣል። እዚህ ቦና ብዬ ብጽፍ በጋ ማለቴ ነው ወይስ ኩራት? ኦሮምኛ ተናጋሪ አፉ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ነገሩን በለመድኩት መንገድ ስመለከተው፣ ሸይኹ የገጠማቸው መረጃን ሳያጎድሉ የማስቀመጥ ችግር ነው። ያሉት ሁለት ሥርዓቶች ሁለቱም መረጃ ያፈስሳሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ሠሩ። በ1956 አካባቢ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ሲሞላ፣ ለኦሮምኛ ብቻ የሚሆን አዲስ ፊደል አወጡ። የፊደሎቹ ቅርጽ ከዐረብኛም ከግዕዝም የተቀዳ አይደለም፤ የራሳቸው ነው። አሠራሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም፤ ለእያንዳንዱ ተነባቢ መነሻ ቅርጽ አለው፣ አናባቢው በዚያ ላይ በሚጨመር ምልክት ይታወቃል። አጭሩና ረጅሙ አናባቢ ተለይተው ይጻፋሉ። የቋንቋ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያልተማሩ ሰው፣ ጆሯቸውን ብቻ ይዘው፣ የቋንቋቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ለቅመው ቤት ሰጧቸው። መቼም ነሕውና ተጅዊድ የቀራ ሰው ጆሮ ቀላል አይደለም፤ መድን፣ ሸዳን፣ የፊደል መውጫን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለካ የኖረ ጆሮ ነው። ፊደሉ ከደረሳ ቤት መውጣቱ ለዚህ አይገርመኝም።

ለምን የላቲኑን ፊደል አልወሰዱም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የእኔ ግምት፣ በዚያ ዘመን ማንኛውም ፊደል የአንድ ወገን ባንዲራ ስለነበር ነው። ላቲኑ የሚሲዮንና የጣሊያን፣ ግዕዙ የቤተ መንግሥቱ፣ ዐረብኛው ደግሞ መንግሥት በጥርጣሬ ዓይን የሚያየው። አዲስ ፊደል የማንም አይደለም። ቢያንስ እንደዚያ ያሰቡ ይመስለኛል።

ፊደሉን ለደረሳዎቻቸው አስተማሩ፤ በፍጥነትም ተዛመተ። የደረሳ ቤት አሠራር ለዚህ የተመቸ ነው። ከሩቅ የመጣ ደረሳ ሲጨርስ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ እዚያ ደግሞ እሱ ያስቀራል። አንድ ሸይኽ ዘንድ የገባ ነገር በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንም ሳያውጅ፣ ሳንቲም ሳይወጣበት፣ ገጠር ለገጠር ይደርሳል። ገበሬውም በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ነገር ሲያይ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው። ቅድም የጠቀስኩት ባለ ሦስት ጎን ቁጥጥር ፈተናውን አሳልፎ ነበር ማለት ነው፤ ደረሳው ተቀብሎታል፣ ሕዝቡ ወዶታል።

አራተኛው ጎን ግን ነበረ፦ መንግሥት።

እዚህ ላይ ታሪኩን ማድበስበስ አልፈልግም። በ1944 የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ አማርኛን የአገሪቱ አጠቃላይ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ነበር። በኦሮምኛ ማስተማርም ሆነ ማሳተም በዚያ ዘመን እንደ መከፋፈል ይታይ ነበር። ከዚያ በፊት ከ1936 እስከ 1941 የገዛው ጣሊያን ለራሱ ጥቅም ሲል የአካባቢ ቋንቋዎችንና ለሙስሊሙ ዐረብኛን በትምህርት ቤት አስገብቶ ስለነበር፣ ከሱ በኋላ የመጣው አስተዳደር በዚህ በኩል የሚነሣን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ያየው ነበር። እና በሐረርጌ ገጠር አንድ የሙስሊም ዓሊም በራሱ ፊደል፣ በኦሮምኛ፣ ማንም ሹም ሊያነበው የማይችለውን ጽሑፍ ሲያስተምር ዝም ሊባል አልቻለም። ፊደሉ ታገደ። ሸይኹም ከመድረሳቸው ተነሥተው ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር እንዲቀመጡ ተደረገ።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው በአማርኛ ነው። በአማርኛ ስም ስለታገደ ፊደል በአማርኛ መጻፍ ምን ስሜት እንደሚሰጥ ከመካከላችሁ የሚጠይቀኝ ይኖራል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። አማርኛ የእናቶቻችን የዱዓ ቋንቋ ነው፣ የወሎ መንዙማ ቋንቋ ነው፣ ማንንም አልበደለም። የበደለው አንድን ቋንቋ ለማሳደግ ሌላውን መዝጋት ግድ ነው ብሎ ያሰበው ፖሊሲ ነው። ማኅበራችን ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ ስልጢኛ፣ ትግርኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ይህን ታሪክ እነሱ ሲናገሩት ሌሎቻችን የምንደነግጥበት ምክንያት አይታየኝም።

የቁም እስሩ ቅጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የደረሳ ቤቱን አሠራር መልሳችሁ አስቡት። መድረሳው ሕንፃ አይደለም፣ በጀት አይደለም። ሸይኹ፣ በዙሪያቸው ያለው ገበሬና የሚመጣው ደረሳ ነው። ሸይኹን ከገጠር አንሥተህ ባቡር ጣቢያ ያለበት የንግድ ከተማ ውስጥ ስታስቀምጣቸው ምንም ሳታፈርስ ሁሉንም አፍርሰሃል። ደረሳው የሚያድርበት ጎጆ የለም፣ እህል የሚያወጣው ገበሬ ሩቅ ነው። ያ በአንድ ሰው ውሳኔ አዲስ ነገር ለማስገባት የሚያስችለው ቅለት፣ በአንድ ሰው መታሰርም ሁሉን ነገር የሚያስቆም ድክመት ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ የሙስሊም አገር ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል፤ ላነጻጽረው። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ደረሳ ቤቱ ፔሳንትረን ይባላል፣ ሸይኹ ደግሞ ኪያይ። በምሥራቅ ጃቫ ጆምባንግ ውስጥ ኪያይ ሓሺም አሽዓሪ በ1899 የመሠረቱት ተቡኢረንግ የተባለ ፔሳንትረን አለ። እዚያም እንደኛው አንድ በአንድ ኪታብ ከማስቀራት በቀር ሌላ አልነበረም። ቀስ በቀስ ክፍል ገባ፣ ሒሳብና ጂኦግራፊ ገባ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ልጃቸው ዋሒድ ሓሺም አብዛኛው ትምህርቱ ዓለማዊ የሆነ ኒዛሚያ የሚባል ክፍል ከፈቱ። ያጉረመረሙና ልጆቻቸውን ያስወጡ ወላጆች እንደነበሩ ይነገራል። ነገር ግን አባትየው አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ዓሊም ነበሩና ተቃውሞው ሥር አልሰደደም። በ1945 ነፃነት ከታወጀ በኋላ ባሉት ዓመታት ያ ልጅ የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስትር እስከመሆን ደረሱ፤ የልጅ ልጃቸው ዓብዱረሕማን ዋሒድ ደግሞ በ1999 የኢንዶኔዢያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሐረርጌና በጃቫ የነበሩት ሸይኾች ዒልማቸውም ድፍረታቸውም የሚለያይ አይመስለኝም። አንደኛው አገር ደረሳ ቤቱን የራሱ አደረገው፣ ሌላው ግን ፈራው።

በእርግጥ እገዳው ባይመጣም ፊደሉ ሩቅ ይሄድ ነበር ብሎ መማል አልችልም። በ1950ዎቹ አንድ ፊደል ለመኖር የእርሳስ ሆሄ፣ ማተሚያ ቤትና የጽሕፈት መኪና ያስፈልገው ነበር። የሸይኹ ፊደል ከእጅ ጽሑፍ ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፉት ዑስማኒያ የተባለ ፊደል ነበረ፤ ብዙ ደጋፊ ነበረው። ሆኖም መንግሥት በ1972 ላቲኑን ሲመርጥ ቀረ። መሐንዲስ የሆናችሁ ወይም ልትሆኑ የምታስቡ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የተሻለው ዲዛይን ሁልጊዜ አያሸንፍም፣ መሣሪያ ያለው ነው የሚያሸንፈው።

ድሬዳዋ ላይ ቁም እስሩ እየላላ ሄዶ በከተማው ውስጥ መንቀሳቀስ ተፈቀደላቸው። ሸይኹ ግን ብዕራቸውን አላስቀመጡም። ካዘጋጇቸው ሥራዎች መካከል በዐረብኛ የጻፉት የኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ ይገኛል፤ ርእሱ ኢርሳል አስ-ሰዋሪኽ ኢላ ሰማእ አት-ተዋሪኽ ይባላል። ወደ ታሪክ ሰማይ ሮኬቶችን መላክ እንደማለት ነው። ሰዋሪኽና ተዋሪኽ የሚለው ቤት አመታት የድሮዎቹን ኪታቦች ርእስ ይከተላል፤ ሮኬቱ ግን የራሳቸው ዘመን ነው፣ ሰው ወደ ጠፈር መላክ የተጀመረበት። ይህን ርእስ ባየሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ከቀያቸው የተነሡ፣ በዕድሜ የገፉ ዓሊም፣ የጥንቱን የዐረብኛ ወግ ይዘው ስለ ሮኬት ያስባሉ።

ንጉሡ በ1974 ወርደው ደርግ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ተስፋ የታየ መሰለ። ሙስሊሙ በዓሎቹ በአገር ደረጃ እንዲከበሩለት ሆነ፣ የኦሮምኛ ጋዜጣና የራዲዮ ሥርጭት ብቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀይ ሽብር መጣ። በ1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገብቶ እስከ ድሬዳዋና ሐረር ደጃፍ ዘለቀ፤ በ1978 መጀመሪያ ተሸንፎ ሲወጣ የምሥራቁ ሕዝብ፣ በተለይም ኦሮሞና ሶማሌው ሙስሊም፣ በጠላት ተባባሪነት ተጠርጥሮ መከራውን አየ። በዚያ ዓመት ሸይኽ በክሪ ከሰማንያ በላይ ሆነው አገር ጥለው ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ።

እዚያም አልተመቻቸውም። የሶማሊያ መንግሥት ስደተኛውን የኦሮሞ ሙስሊም ሶማሌ አቦ የሚል ስም አውጥቶለት ሶማሌ ነህ ይለው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለኦሮምኛ ቋንቋ ለደከሙ ሰው ይህ ሁለተኛ እገዳ ነው። ሚያዝያ ወር በባተ በአምስተኛው ቀን፣ 1980፣ በስደተኛ ካምፕ ውስጥ ወደ አኼራ ሄዱ። የ84 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ካረፉ ከዓመት በኋላ፣ በ1981፣ የቋንቋ ሊቁ ሪቻርድ ሃይዋርድና የታሪክ ምሁሩ ሙሐመድ ሐሰን ስለ ሸይኹ ፊደል የጻፉት ጥናት ለንደን ውስጥ በምሥራቅና በአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ወጣ። የሰውየው ስም ከጎረቤታችን ከተማ ጋር ዝምድና የለውም፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው አስቆኛል። ፊደሉን ዓለም ያወቀው በዚያ ጽሑፍ ነው፤ ዛሬ እያንዳንዱን ፊደል ከነድምፁ ማየት የምትፈልጉ ያን ጥናት ከዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት ማስመጣት ትችላላችሁ።

ኦሮምኛ በአገሩ ትምህርት ቤት የራሱን ፊደል ያገኘው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ኅዳር 3 ቀን 1991፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ፓርላማ አዳራሽ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ስብሰባ የላቲኑ ቁቤ ተመረጠ። አጭሩና ረጅሙ አናባቢ እዚያም ተለይተው ይጻፋሉ፤ ረጅሙ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ዛሬ የሐረርጌ ልጆች የሚማሩት በዚያ ነው። እዚህ ኒውአርክም ከእናንተ መካከል ለአያቶቻችሁ በስልካችሁ ቦና ስትሉ በጋውን በአንድ ኦ፣ ኩራቱን በሁለት ኦ የምትጽፉ አላችሁ።